ገላ መታጠቢያችን ማረፊያችንም ይሁን
(ማክሰኝት በተደረገው የማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ገላ መታጠቢያ ቤት ነው። ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ስንነጋገር ቆይተን አሁን ስለ መታጠቢያ ቤት ምን የሚያነጋግር ነገር ተገኘ የምትሉ አትጠፉም። እኛ ግን ነገሩ ከሒሳባችን ውጭ አይደለም እንላለን። ጉልበትም እንደ ገንዘብ ሒሳብ አለው። ዘወትር ወጪ ብቻ የሚጻፍበት፣ ገቢ የማይመዘገብለት ነገር ቢኖር የሴት ጉልበት ነው።

እስቲ ቀናችንን እንቁጠረው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን እሳት እናያይዛለን፣ ልጆች እናሰናዳለን፤ ከዚያ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ማሳ ነው። ማታ ተመልሰን ሊጥ እናቦካለን፣ ወጥ እንሠራለን፣ የታመመ እንጠይቃለን። ቡናውም ቢሆን ማረፊያ ይባላል እንጂ የምትቆላው፣ የምትወቅጠውና የምትቀዳው ሴት ናት። ሴት ብቻዋን ገብታ በሩን ብትዘጋ «ምን ሆንሽ?» የማትባልበት ቦታ ቢኖር መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው። እሱም በብዙዎቻችን ቤት አሮጌ ባልዲና መጥረጊያ የሚከመርበት ጨለማ ጥግ ሆኗል።

«ስፓ» የሚለው ቃል ለጆሯችን አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ የአገራችን ነው። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ፣ ከነገሥታቱ ግንቦች መካከል፣ ወሸባ የሚባል የእንፋሎት መታጠቢያ አለ። ግንብ ሲያሠሩ ለዙፋን ብቻ ሳይሆን ለገላም ቦታ ሰጥተው ነበር ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት ፍል ውሃውን ወደው ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያ ነው። በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳም ዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ፤ ሕመምና ድካም የጸናበት ሰው ዛሬም ይሄድበታል። የወሎ እናቶች የወይባ ጢስ ይሞቃሉ። አራስን በሙቅ ውሃ ማጠብና በቅቤ ማሸት በየቤታችን የኖረ ነው። የደከመ ገላ ሙቅ ውሃ፣ መልካም ሽታና ጸጥታ እንደሚገባው እናቶቻችን ያውቁ ነበር። የእኛ ጥያቄ አራስ ያልሆነች፣ ያልታመመችም ሴት ይህ ለምን ይቀርባት የሚል ነው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከመግዛት አይደለም፤ ከማውጣት ነው። የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ከመታጠቢያ ቤቱ እናውጣ። ግድግዳውንና ወለሉን እንፈትግ። በረኪናን ግን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አንቀላቅል፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ከፍሳሽ መውረጃው ሽታ የሚመጣ ከሆነ ከሥሩ ያለው ጎባጣ ቧንቧ፣ ሲፎን የምንለው፣ ውሃው ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሽታውን የሚያግደው እዚያ የሚቆመው ውሃ ስለሆነ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። መስኮት ከሌለው ከግድግዳው በላይ በኩል አየር ማስወጫ እናስከፍት። እርጥበት የማይወጣበት ክፍል ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታ ያለበት ቦታ ደግሞ ማረፊያ አይሆንም።

ቀጥሎ ውሃው ነው። ቧንቧ ሲመጣ እንጂ ሁልጊዜ እንደማይገኝ እናውቃለን፤ ስለዚህ ለመታጠቢያ ብቻ የሚሆን ክዳን ያለው ጀሪካን ይለይ። በበጋ ጥቁር ጀሪካን ሞልተን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ብናቆመው ከሰዓት በኋላ ያለ እንጨትና ያለ መብራት ለብ ያለ ውሃ እናገኛለን። በክረምት ግን ማፍላት ግድ ነው፤ ለአንድ እጅ የፈላ ውሃ ሁለት እጅ ቀዝቃዛ መቀላቀል ለገላ ይስማማል። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ የፈላውን እንጨምር፤ የፈላ ውሃ ብቻውን በተቀመጠበት ባልዲ ስንት ሕፃን ይቃጠላል።

ሽታን በተመለከተ ጓሯችን ይበቃናል። ጠጅ ሳርና አሪቲ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ አጥልለን መታጠቢያው ላይ ብንጨምረው ቤቱን ያውደዋል። ለእግር ሻካራ ድንጋይ፣ ለጸጉር ቅቤ፣ ለወገብ መቀመጫ ዱካ፣ ለደረቀ ገላ ንጹሕ ፎጣ ካለ ሌላው ትርፍ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ እናቶቻችን ግን ሁለት ነገር እንጨምር፦ የማያንሸራትት ምንጣፍና ግድግዳ ላይ በደንብ የታሰረ መያዣ። እናት ወድቃ ከተሰበረች በኋላ የሚወጣው ወጪ ከመያዣው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አሁን የምንለውን ግን ሁላችሁም ልብ በሉልን። ከሰል ያለበት ምድጃ ወይም ማጨሻ ይዘን በተዘጋ መታጠቢያ ቤት አንግባ። እጣንም ይሁን የወይራ ወይም የወይባ ጢስ፣ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሰውየዋ እንቅልፍ የመጣባት እየመሰላት ሕይወቷ ያልፋል። ጢስ መሞቅ የምትወድ ግቢ ውስጥ በነፋሻ ቦታ፣ ሰው አጠገቧ እያለ ትሙቅ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ አስቀድማ የጤና ባለሙያ ትጠይቅ። እጣኑ ለቤቱ ከሆነ ፎጣውንና ጋቢውን ውጭ አጥነን ይዘን ብንገባ መዓዛው ይከተለናል፤ አደጋው ግን ውጭ ይቀራል። የመብራት ውሃ ማሞቂያ የምታስገቡም የመሬት ሽቦውን በባለሙያ አሠሩ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ከክፍሉ ውጭ ይሁን፤ በእርጥብ እጅ ሶኬት አይነካም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንዲት ሴት በሳምንት 50 ብር ብታስቀምጥ በዓመት 2,600 ብር ይሆናል። ይህ ሴራሚክ አያስነጥፍም፤ ግን ቀለም፣ መስቀያ፣ መጋረጃ፣ ዱካና ፎጣ ቀስ በቀስ ያሟላል። ፈጠን ማለት የፈለግን 10 ሆነን በሳምንት 100 ብር እቁብ ብንጥል ለባለ ዕጣዋ 1,000 ብር ይደርሳታል፣ በ10 ሳምንትም ሁላችንም እንዳረሳለን። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፦ ለዚህ ብለን ከልጆች ትምህርት ወይም ከብድር ክፍያ አንነሣም። በብድር የተሠራ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚታጠብ ሰው የሚያስበው ስለ ብድሩ ነው።

ተከራይተን የምንኖር፣ መታጠቢያውን ከጎረቤት ጋር የምንጋራ ብዙዎች ነን። ለእኛ መፍትሔው ዘንቢል ነው። ሳሙናውን፣ ፎጣውን፣ ድንጋዩን፣ የታጠነውን ነጠላ በአንድ ዘንቢል አሰናድቶ ይዞ መግባት፣ ሲያበቁ ይዞ መውጣት። ከጎረቤቶች ጋር ተነጋግሮ በሳምንት ለእያንዳንዷ የማትነካ ግማሽ ሰዓት መመደብም ይቻላል። የበሩን መቀርቀሪያ ማሠራት በጋራ ቢሆን ለእያንዳንዷ የሚደርሳት ጥቂት ነው። መቀርቀሪያ የሌለው በር ግን ሴትን አያሳርፍም፤ ጆሮዋ በሩ ላይ ነውና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ግማሽ ሰዓቱን ማግኘት ነው። ስንገባ «እማዬ!» የሚል ድምፅ ይከተለናል፣ ወጥ ይገነፍላል፣ እንግዳ ይመጣል። ስለዚህ ለቤተሰቡ አስቀድመን እንንገር፦ ቅዳሜ ከሰዓት ይህን ያህል ጊዜ የእኔ ነው፤ ወጡን ልጄ ያይልኛል፣ ትንሹን አባቱ ይይዝልኛል። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ኋላ ይለምዱታል። ሴት ልጆቻችንም እናት ማረፍ እንደምትችል ያዩታል፤ ወንዶች ልጆቻችንም ነገ ሚስታቸው በሩን ስትዘጋ አይገረሙም።

እህቶቻችን፣ የሚቀጥለው ስብሰባ እስኪደርስ የቤት ሥራችን ሁለት ነው፦ ከመታጠቢያ ቤታችን የማይገባውን ማውጣት፣ ከሳምንታችን ግማሽ ሰዓት መለየት። እቁቡን የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ 10 እንደሞላን እንጀምራለን።