ኋላ ተነሥተው የቀደሙ መንገደኞች



ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን። ጃፓኖች ለሽርሽር ወደ ባሕር ማዶ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው በ1964 ነው፤ ያውም በመጀመሪያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ500 ዶላር ሳያልፉ። ለደቡብ ኮሪያ ሕዝብ በሩ ፈጽሞ የተከፈተው ግን በ1989 ነበር። ዳሩ ግን በ2019 ጃፓኖች 20 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲጓዙ፣ በቍጥር የእነርሱን እኩሌታ የማይሞሉት ኮሪያውያን 28 ሚሊዮን ጊዜ ተጓዙ።

ኋላ የተነሡት እንዴት ቀደሙ? አንዱ ምክንያት ጎረቤትን መጐብኘት መልመዳቸው ነው። በ2018 ብቻ እስከ 1945 ድረስ በቅኝ ወደ ገዛቻቸው ወደ ጃፓን ከ7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሄደዋል።

እኛ ግን ብዙዎቻችን ሩቅ አገር እናልማለን፤ ሱዳንንና ኬንያን የምናውቃቸው በካርታ ነው። እንግዲህ ጉዞአችንን ከቅርብ እንጀምር።