ከኮምቦልቻ ደሴ በእግር፦ አማካይ ቁጥር የሚሸሽገው ዳገት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቀን የእግር ጉዞ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከባቲ ተነሥተን በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ለመግባት የሦስት ቀን ጉዞ አድርገን ነበር። ሥራችን የተራራ ቀበሌዎችን ከዋናው አስፋልት ጋር የሚያገናኝ የገጠር መንገድ ማጥናት ነበር፤ ክረምቱን የመረጥነውም የጎርፍን መሄጃ በበጋ አጣርቶ ማየት ስለማይቻል ነው። የምነግራችሁ ስለ ሦስተኛው ቀን ነው።

መስመሩ የቆየ ነው። ከአፋር ቆላ በግመል የመጣ ጨው በባቲ የሰኞ ገበያ አልፎ፣ በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል። በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው የዘመተው ሠራዊት አብዛኛው የወሎን ተራሮች ያቋረጠው በእግሩ ነው። ዘመናዊው የመኪና መንገድ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜም ብዙ ሰው በእግሩ ጭምር ተሰድዷል። ስለዚህ በዚህ አገር የእግር መንገድ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

በዋዜማው ማታ ኮምቦልቻ ተቀምጬ ሒሳቤን ሠራሁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ልዩነቱ 650 ሜትር ነው። ይህ በ25 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት ላይ ሲካፈል አማካዩ ዳገት ከመቶ 2.6 ብቻ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ያወጣው ደንብም አለ፤ ይኸውም ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት መመደብ ነው። የእግር መንገዱን 22 ኪሎ ሜትር ብዬ ብገምተው አምስት ሰዓት ተኩል ወጣልኝ። ምሳችንን ደሴ እንበላለን ብዬ አንዳንድ ሊትር ውሃና ጥቂት ቆሎ ብቻ እንድንይዝ አዘዝሁ። መንገድ መሪያችን የነበሩት አዛውንት ገበሬ፣ «ልጄ፣ ሐረጎን ወጥተኸው ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «በመኪና አዎን» አልኋቸው። ዝም አሉ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣን። በሜዳው ላይ ጥቁሩ አፈር ከጫማችን ጋር እየተጣበቀ እግራችንን አከበደው፤ የመጀመሪያው ሰዓት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ አላስኬደንም። የጎፍ ተራራ በጉም እንደተሸፈነ ከኋላችን ቀረ። ዳገቱ ሲጀምር የሒሳቤ ስሕተት ገሃድ ሆነ። የእግር መንገዱ እንደ አስፋልቱ ተስተካክሎ አይወጣም፤ ሸንተረር ላይ ወጥቶ ወደ ጅረት ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። የወጣነውን መቶ ሜትር አራት ጊዜ መልሰን ከሰርን። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ውሃችን አለቀ።

ወደ 7 ሰዓት ገደማ ከበረዶ ጋር የተቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ወጣቱ ቀያሽ በጭቃው ተንሸራትቶ ጉልበቱ ዞረ። ከፊታችን ያለው ደረቅ ቦይ በደቂቃዎች ውስጥ ሞላ። መዘግየታችን ስላበሳጨኝ ልሻገር ስል አዛውንቱ ክንዴን ያዙ። «ድንጋዩ ሲንከባለል አይሰማህም? እሱ ዝም ሲል ነው የሚሻገሩት።» እውነትም ከደፍራሹ ውሃ ሥር ቋጥኝ ከቋጥኝ ሲጋጭ ይሰማ ነበር። ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆምን። በዚያ መካከል አዛውንቱ ከራሳችን በላይ ባለ የግራር ቅርንጫፍ ላይ የተጠመጠመ ጭድና ጭራሮ አሳዩኝ፤ ካቻምና ውሃው የደረሰው እዚያ ነው አሉ። እኔ በንድፌ ላይ ለዚያ ቦይ የመደብሁት ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቱቦ ነበር።

ውሃው ሲጎድል ተሻገርን፤ ቀያሹ ግን መራመድ አቃተው። አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው «አብሽሩ፣ ግቡ» አሉን። ጉልበቱን በነጠላ አስረው ቡናና ዳቦ አቀረቡልን። ጎረምሶች ተጠርተው ቃሬዛ መጣ። እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ምጥ የጠናባትም እናት ወደ አስፋልቱ የምትወጣው በዚያው ቃሬዛ ነው። አንዱን ጫፍ እኔም ያዝሁ። በየሃያ እርምጃው እየተለዋወጥን ወጣን። ከመቶ 2.6 ብዬ የጻፍሁት ዳገት በዚያች ስፍራ ከመቶ 30 ያልፍ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ያረፈውም አማካዩ ሳይሆን ይኸኛው ነበር።

ሐረጎ ላይ አስፋልቱን ስናገኝ ቀያሹን መኪና ወሰደልን። እኔና አዛውንቱ የቀረውን በእግራችን ጨርሰን፣ የደሴ መብራት ከጦሳ ግርጌ እየታየን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገባን። አምስት ሰዓት ተኩል ያልሁት መንገድ አሥራ አራት ሰዓት ፈጀ። መሣሪያችን የመዘገበው ድምር ሽቅብ 1,240 ሜትር፣ ድምር ቁልቁል 590 ሜትር ነበር። ልዩነቱ ያው 650 ነው፤ ሒሳቤ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጥያቄዬ ነበር።

ከተመለስሁ በኋላ ቱቦውን ሰርዤ በቦታው ሰፊ የሣጥን ከልቨርት ነደፍሁ፤ መስመሩንም አስረዝሜ ቁመቱን አለዘብሁ። ወጪው ስለምን እንደ ጨመረ ተጠየቅሁ። ጭዱ የተሰቀለበትን ከፍታና ቃሬዛው የተጓዘበትን ቁልቁለት በካርታው ላይ አሳየሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ ለውጡ ተቀባይነት አገኘ።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በተራራ አገር መስመር የሚያሰምር ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በክረምት በእግሩ ይሂድበት። ሁለተኛ፣ በዘገባችን ውስጥ ከአማካዩ ዳገት ጎን ድምሩ ሽቅብና ቁልቁል፣ እንዲሁም እጅግ ቀጥ ያለው ስፍራ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የጎርፍ ምልክት ከነዋሪው ተጠይቆ፣ ተለክቶ፣ እንደ ማናቸውም መረጃ ይመዝገብ። የወንዝ መለኪያ ጣቢያ በሌለበት ሸለቆ የብዙ ዓመት መዝገብ የያዙት እነዚያ አዛውንት ናቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አዛውንቱ ወደ ኮምቦልቻ ለመመለስ ተነሡ። የመኪና ዋጋ ልሰጣቸው ብል፣ «በመንገዴ የምጠይቀው ዘመድ አለኝ» ብለው በእግራቸው ወረዱ።