የራዲዮ ምሰሶና መብረቅ



በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ራዲዮ የመምህሩ ረዳት ነበረ። ነገር ግን ሞጣ ከጮቄ ተራራ ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ ደክሞ ይደርሰናል። ሽቦ ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ስንሰቅል ይጠራል።

ታዲያ ምሰሶውን እንዴት እናቁም? ቀጥ ያለ፣ የደረቀ ባሕር ዛፍ እንምረጥ። ርዝመቱ 16 ክንድ ከሆነ 3 ክንዱ ጉድጓድ ይግባ። ዙሪያውን ድንጋይ ሞልተን እንጠቅጥቀው። ከላይ በሦስት አቅጣጫ ወጥረን ከችካል ጋር እንሰረው። ከመብራት መስመር ከቁመቱ በላይ ይራቅ፤ ቢወድቅ እንኳ አይንካው። የመብራት ሽቦ የነካ ምሰሶ ሰው ይገድላል።

ሌላው ጠላት መብረቅ ነው። መብረቅ ረጅም ነገር ይመታል። ስለዚህ ከአንቴናው ወፍራም የመዳብ ሽቦ በደጅ በኩል አውርደን፣ እርጥብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር እናያይዘው። ይህ ይረዳል እንጂ ብቻውን አያድንም። ገና ደመናው ሲጠቁር የአንቴናውን ሽቦ ከራዲዮው ነቅለን ወደ ደጅ እናውጣው። ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግን ሽቦውን ማንም አይንካ። ልጆችም ምሰሶው ሥር አይጠለሉ።

«ዜናው ያመልጠኛል» አንበል። ዜና ነገም ይነገራል፤ የሞተ ልጅ ግን አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል!