ያልተገለጸው አድራጊ፤ አዕማደ ግሥ በትርጉም ሥራ

(ለተርጓሚዎች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የግእዝ ሰዋስው መምህራን ግሥን በአምስት አዕማድ ይመድቡታል፤ እነርሱም አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። አመዳደቡ ለአማርኛም ሲያገለግል ኖሯል። ይሁን እንጂ የአማርኛው ተደራጊ ከእንግሊዝኛው አቻው ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም።

ለአብነት «መስኮቱ ተሰበረ» የሚለው ይወሰድ። እንግሊዝኛ «ዘ ዊንዶው ብሮክ» ሲል ነገሩን ያለ ሰባሪ ያቀርበዋል፤ «ዘ ዊንዶው ዎዝ ብሮክን ባይ ሰምዋን» ሲል ግን ሰባሪ መኖሩን ይናገራል። የአማርኛው «ተ» ሁለቱንም ይሸከማል። «በ» የሚለው መስተዋድድም ቢጨመር ጥርጣሬው ሁልጊዜ አይወገድም፤ «በልጁ ተሰበረ»፣ «በድንጋይ ተሰበረ»፣ «በሌሊት ተሰበረ» ይባላልና።

ግሦች ሁሉ ግን አንድ ጠባይ የላቸውም። «ፈላ» የማይሻገር ግሥ ነው፤ አስደራጊው «አፈላ»፣ ከዚህም የሚወጣው ተደራጊ «ተፈላ» ይሆናል። ስለዚህ «ቡናው ተፈላ» ሲባል አፍዪ መኖሩ ይታወቃል። «ፈረሰ»ም የማይሻገር ነው፤ ሆኖም «ግንቡ ፈረሰ» ሲባል በጎርፍ ይሁን በሰው እጅ ከቃሉ ብቻ አይለይም። እንግዲህ ተርጓሚው መመርመር ያለበት የእያንዳንዱን ግሥ ጠባይ እንጂ የ«ተ»ን መኖርና አለመኖር ብቻ አይደለም።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው በፍርድ ቤት ነው። አንድ ምስክር «ግንቡ ፈረሰ» ብሎ ቃሉን ቢሰጥ፣ አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ «ኮላፕስድ» ወይም «ዎዝ ዲሞሊሽድ» ከማለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የፊተኛው ማንንም አይከስም፤ የኋለኛው ግን አፍራሽ አለ ይላል። ምስክሩ ያላለውን ክስ መጨመርም ሆነ ያለውን ማስቀረት የሰውን መብት ይነካል። ስለሆነም አስተርጓሚው በግምት ከመምረጥ ይልቅ በዳኛው ፈቃድ ምስክሩን ማስጠየቅ ይገባዋል።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ደግሞ ተደራጊውን ሁሉ በ«ተ» መመለስ ግዴታ አይደለም። አድራጊው ሲታወቅ «መስኮቱን ልጁ ሰበረው» ማለት ይቻላል፤ ተሳቢው ቀድሞ ስለሚመጣ የንግግሩ ትኩረት በመስኮቱ ላይ ይቆያል፤ አድራጊውም አይሰወርም። ሰባሪው ሰው መሆኑ ታውቆ ማንነቱ ሳይታወቅ ሲቀር «መስኮቱን ሰው ሰበረው» የሚለው አነጋገር ይበቃል። የአማርኛ ሀብት ይህ ነውና ተርጓሚዎች ሊጠቀሙበት ይገባል።