ከመዝገብ ወደ ኤክሴል
(ዳንግላ፣ በእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ሂሳባችንን ወደ ኤክሴል ስለማዛወር ነው። ዕድሜዬን ሁሉ በጸሐፊነት ከመዝገብ ጋር የኖርኩ ነኝና፣ ነገሩን በምናውቀው ላስረዳ።

ኤክሴል ረድፍና ዓምድ የተሰመረለት መዝገብ ነው። ልዩነቱ ድምሩን ራሱ መሥራቱ ነው። ለግል ኮምፒዩተር የመጀመሪያ የሆነውን የዚህን ዓይነት መዝገብ፣ ቪዚካልክን፣ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1979 አወጡ። አንድ ቁጥር ሲታረም የተያያዘው ሁሉ አብሮ ይታረማል። ኤክሴል በ1985 ተከተለ።

ለእኛ እንዲህ ይሆናል፦ በየረድፉ የአንድ አባል ስም፣ በየዓምዱ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ወር፣ ቀጥሎ የከፈለው ድምር፣ በመጨረሻ ውዝፍ። መዋጮው በወር 50 ብር ቢሆን የዓመቱ 600 ነው፤ 450 የከፈለ 150 እንደቀረበት ወዲያው ይታያል። ወደ ባሕር ዳር እህል የሚጭን ነጋዴም የገዛበትን፣ የጫነበትንና የሸጠበትን እንዲሁ ጽፎ ትርፉን ያያል።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ኤክሴል የታዘዘውን ይደምራል እንጂ የተረሳውን አይጠይቅም። እስከ 100ኛው ረድፍ ደምር ተብሎ ከታዘዘ፣ 101ኛው አባል ከሥር ሲጻፍ ገንዘቡ ሳይቆጠር ሊቀር ይችላል። ይህ የተማረውንም ያገኘዋል። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ታዋቂ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ ጽሑፍ ሲያወጡ፣ ኤክሴላቸው ከ20 አገሮች 5ቱን ሳይቆጥር ቀርቶ ነበር። በ2013 ይህን ያጋለጠው ቶማስ ኸርንደን የሚባል ተማሪ ነው።

እኛ ዘንድ ቁጥር ቢሳት የሚጎዳው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሐዘንተኛ ነው። ከፍሎ ሳለ «ውዝፍ አለብህ» የተባለ ሰው፣ በዚያ ቀን ከማን ጋር ይከራከራል?

ስለዚህ አራት ነገር አሳስባለሁ።

1ኛ፦ ካርኒው አይቅር።
2ኛ፦ ገንዘብ ያዡ በየወሩ የካርኒውን ጉርድ በእጁ ደምሮ ከኤክሴሉ ጋር ያመሳክር።
3ኛ፦ ኤክሴል የቀን አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ ጳጉሜን የሚባል 13ኛ ወር አያውቅም። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ዓምድ ይጻፉ።
4ኛ፦ በየወሩ በወረቀት ታትሞ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይፈርሙበት። መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒዩተሩም ቢበላሽ ወረቀቱ ይመሰክራል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛ ደግሞ የተጻፈውንም እንመርምር።