ቴርሞሜትሩ 92 ሲል

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ወጪ ልናገር። ለልጆቻችን ማጠናከሪያ ትምህርት ከያዝነው በጀት ላይ ጥቂት ቴርሞሜትሮች እንዲገዙ እጠይቃለሁ። የትኩሳት መለኪያው አይሆንም፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚለካ መሆን አለበት።

ልጆቹ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለው ይሸመድዳሉ። ይህ ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውኃውም 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። እኛ በጓዳችን እናውቀዋለን፤ ንፍሮ ደጋ ላይ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል።

ልጅቷ 92 አንብባ «100 ብለሽ ጻፊ» ከተባለች፣ የተማረችው ዓይኗን አለማመን ነው። «ለምን አነሰ?» ተብላ ከተጠየቀች ግን ሳይንስ ጀመረች። እኛም ደረሰኙ ላይ የሌለውን ቁጥር መዝገብ ላይ አናሰፍርም።

የፈላ ውኃ አደገኛ ነውና መለኪያውን መምህሯ ትያዝ፤ ቁጥሩን ግን ልጆቹ ያንብቡ፣ ልጆቹ ይጻፉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ እንድታጸድቁልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።