ግሬደር ቢገጭህ ማንን ትከሳለህ?

እሱ፦ ፈረንጅ አገር ሰው መኪናዬን የመንግሥት በረዶ ጠራጊ ገጨብኝ ብሎ ካሣ ይጠይቃል። እኛ አገር ግን የመንዝን ውርጭ እንኳ ፀሐይ ትበቃዋለች። እኛን የሚያሰጋን ክረምት የበላውን መንገድ የሚደለድለው ግሬደር ነው።

እሷ፦ ኮፈንህን ቢጨፈልቀውስ? ኦፕሬተሩን ትከሳለህ?

እሱ፦ ደመወዝተኛ ምን አለው ብለሽ!

እሷ፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 መሠረት ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው መንግሥትን ትጠይቃለህ። አንቀጽ 2081 ደግሞ ይበልጥ ይቀላል፤ የማሽን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

እሱ፦ አንቀጽ 2084ን አትርሺ እንጂ። ሁለት ተሽከርካሪ ተጋጭቶ የአንዱ ሾፌር ጥፋት ካልተረጋገጠ ጉዳቱ እኩል ለእኩል ነው። ስለዚህ መኪናው ሳይነሣ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራ፣ የአደጋው ፕላን ይነሣ።

እሷ፦ ኦፕሬተሩ «ወንድሜ፣ በሽምግልና እንጨርሰው» ቢልህስ?

እሱ፦ አዝንለታለሁ። ፕላኑ ግን ይነሣ!

እሷ፦ ትልቁ ጣጣ የማሽኑ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። የወረዳው፣ የክልሉ፣ የፌዴራሉ ወይስ የተቋራጩ? በሩ ላይ የተጻፈውንና ሰሌዳውን ፎቶ አንሣ።

እሱ፦ የፌዴራል ከሆነ አዲስ አበባ ልመላለስ ነዋ?

እሷ፦ የግድ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ ይሠራል።

እሱ፦ ቢሮው «ኮሚቴ እያየው ነው» እያለ ቢያመላልሰኝስ?

እሷ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ብቻ ይሰጥሃል። ለቢሮ የገባ ማመልከቻ ክስ አይደለም።

እሱ፦ የጋራዥ ፕሮፎርማስ?

እሷ፦ ከአንድ ጋራዥ ብቻ አታምጣ፤ አንዱን ብቻ ካየ ዳኛውም ይጠረጥርሃል።